የጉሊት ጀግኖቻችን ይመስገኑ

በዚህች ከተማ ከጉሊት ሻጭ ላይ አምስት ብር እንደሚያስቀንስ ሰው የተዘነጋ ጀግና የለም። መኪናውን መንገድ ዳር ያቆማል፤ ሞተሩን ግን አያጠፋም። መስኮቱን በግማሽ ዝቅ አድርጎ «መደቡ ስንት ነው?» ይላል። በክርክሩ ወቅት የሚነደው ቤንዚን አይታሰብም፤ ለመርሕ የሚታገል ሰው ወጪ አይቆጥርም።

ሻጯ ቲማቲሙን ይዛ እስከ መስኮቱ ትመጣለች። እሱ ከመቀመጫው ሳይነሳ አንድ በአንድ ይጨምቀዋል፣ «ወዲያ ማዶ እኮ በግማሽ ዋጋ ነው» ይላል። ወዲያ ማዶ ያለው ባንክ ነው። «የመጣበትንም አያወጣልኝ፣ ወንድሜ» ስትለው የታወቀው ስልት ይከተላል። እግረኛው መርካቶ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ እያለ ይራመዳል፣ እስኪጠራም ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ የእኛ ጀግና ግን መኪናዋን ጥቂት ወደፊት ያንፏቅቃታል። ተጠራ! አምስት ብር ወረደ። ድል በዚህ አያበቃም፤ «በይ እንግዲህ መርቂልኝ» ብሎ ሁለት ቃሪያ ያስጨምራል። እናትዮዋ ትመርቃለች፤ ምን ታድርግ?

የዚህን ሰው ትሕትና ማየት የፈለገ ማታ ሆቴል ይከተለው። ምግቡ 1000 ብር ነው። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታል፤ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። 1265 ብር። «የመጨረሻውን ንገረኝ» የለ፣ «ወዲያ ማዶ» የለ። ሰላጣው ላይ ያሉትን ሦስት የቲማቲም ቁራጮችም አልጨመቀም። እንዲያውም ለአገልግሎቱ በሒሳቡ ውስጥ የከፈለው አንሶ ጉርሻ ትቶ ይወጣል።

ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጣው ወገናችንም ሊመሰገን ይገባል። እዚያ መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ በታክስ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፤ እሱም ካርዱን አውጥቶ «መልካም ቀን» ብሎ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ የታፈነው ተሰጥኦ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ይፈነዳል። የሐበሻ ቀሚሱን ጥለት እያገላበጠ፣ የሸማኔውን የቀናት ድካም በዶላር እየመነዘረ፣ «እኔን የውጭ ሰው አደረጋችሁኝ?» ብሎ እየተቆጣ ግማሽ ቀን ይሟገታል። አሸንፎም በርካሽ ስለተገኘ ለዘመድ ሁሉ ይገዛል። ከዚያ አየር ማረፊያ ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ በላይ ሆኖ ይገኛል። ስንት ነው ሲል በዶላር ይነገረዋል፤ ይከፍላል፣ ደረሰኙን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ አመስግኖም ያልፋል።