እድሜ ለሰፈራችን ሐኪሞች

ደሴ ሐኪም አነሳት የሚል ሰው እኛ ሰፈር ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ድረስ ብቅ ይበል። ጀበናው ሳይወርድ ስድስት ዓይነት ምርመራ ይሰጠዋል፣ ያውም በነፃ፣ ያውም ሳይጠይቅ። እኔ ይሄን ጸጋ ያወቅሁት ጥንቸሌ ካረገዘች ወዲህ ነው።

መጀመሪያ የደረሱልኝ እትዬ ናቸው። በጆሮዋ አንጠልጥለው ሆዷን በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረጉና «ጋዝ ነው» አሉ። እጅ ይባረክ! የእንስሳት ሐኪሙ እኮ ወንድ ካገኛት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የለመደ እጅ ቀስ ብሎ ሲዳብስ የወይን ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ያገኛል፣ ያልለመደ ግን እንዳይነካት ብሎኝ ነበር። ምን ያርግ፣ በአቦልና በቶና አልተማረ።

በ28ኛው ቀን ከሆዷ ፀጉር እየነጨች ድርቆሽ የጎዘጎዝኩላት ካርቶን ውስጥ ማንጠፍ ጀመረች። (ያላረገዘችም ያረገዘች ሲመስላት በ16፣ በ17 ቀን እንዲሁ ትነጫለች፤ ለዚህ ነው ቀን የምቆጥረው።) የሰፈሬ ሰው ግን በቁጥር ጊዜ አያጠፋም። «እከክ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት ቀቢያት!» ልጅም ወዲያው ወደ ጋራዥ ተላከ።

በ31ኛው ሌሊት ሰባት ወለደች። ጣት የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ራቁታቸውን። በነጋታው ግማሹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ግማሹ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ገባ፣ በዚያ በደሴ ብርድ አንድ በአንድ ከፀጉሩ ውስጥ እያወጣ መረቃቸው። «ይቺ ጨካኝ፣ አታጠባም እንዴ?» ተባለ። ጥንቸል በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ለዚያውም ጨለማ ለብሳ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው የምታጠባው ብል ማን ሰምቶኝ፤ የላም ወተት በሲሪንጅ ተይዞ መጥቷል።

አንጀቴን የበላው ግን ለወንዱ ያዘኑለት ነው። ለብቻው የዘጋሁበት፣ በወለደች በሰዓታት ውስጥ ደግማ ልታረግዝ ስለምትችል ነበር። «አባት አይደለም እንዴ፣ ልጆቹን እንኳ ይይ» ብለው፣ ዳቦ ልገዛ ወጣ ስል በሩን ከፈቱለት።

አየ።

ዛሬ 25ኛ ቀኗ ነው። አዲስ ካርቶን ፈልጌያለሁ። እትዬ ጠዋት ካጥር ማዶ አየት አድርገዋት «ውይ፣ ጋዙ ተመለሰባት?» አሉኝ። ይግቡ ብያቸዋለሁ፣ ቡናው ተጥዷል።