ቸርችል የማን ጓደኛ ነው?

ጎበዝ፣ ሆዴ የቋጠረውን ዛሬ ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሥራ ደክሜ ገባሁ፣ ቡና ተፈላ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር «ዶክተር ሁ»ን ከፈትን። ያ በሰማያዊ ሳጥን ከዘመን ዘመን የሚዞረው ሰውዬ፣ የእንግሊዞቹ። በ2010 የወጣ ክፍል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። 1941 ላይ ለንደን በቦምብ እየነደደች የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ይደውላል፣ ዶክተሩ ከች ይላል። ቸርችል ሲጋር በእጁ፣ ጉንጩ ድንቡሽ ያለ፣ የሰፈር አያት ነው የሚመስለው። ዳሌኮቹ እንኳ፣ እነዚያ በርሜል የሚያካክሉ ነፍሰ ገዳይ ማሽኖች፣ የወታደር ቀለም ተቀብተው ሻይ ያቀርባሉ። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም።

«ቸርችልን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«አዎ አጎቴ፣ ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው መንገድ።»

«ሰውዬውንስ?»

«የዶክተሩ ጓደኛ ነዋ!»

ቡናው ትን አለኝ።

ከዚያች የሻይ ግብዣ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ በእንግሊዝ በሚገዛው ቤንጋል ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ። የራሱ የቸርችል የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሊዮ ኤመሪ እህል የሚጭን መርከብ ስጡኝ እያለ ሲወተውት፣ የጦር ካቢኔው ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ከተጠየቀው ላይ ቆንጥሮ ይሰጣል። ጃፓን በርማን መያዟ አለ፣ አውሎ ነፋሱ አለ፣ የዋጋው ንረት አለ፤ የቸርችል ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይሟገታሉ። ይሟገቱ። ፊልሙ ስለ ረሃብ ይስበክልኝም አላልኩም፤ ልጅ የሚያየው ነገር ነው። ግን እኮ የጊዜ ማሽን አለህ! የፈለግህበት ዓመት ላይ ታርፋለህ። ከለንደን ምድር ቤት ሁለት ዓመት ፈቀቅ ብትል ምን ይጎድልብሃል? እነሱ ጭራሽ በሌላ ክፍል የሮማ ንጉሠ ነገሥት አድርገውት አረፉ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2011ዱ ክፍል ጊዜው ሚያዝያ 1969 ነው። ዋይት ሐውስ ውስጥ አንዲት ሕፃን እየደወለች ታስጨንቀዋለች፣ ዶክተሩ ደርሶ ያግዘዋል፣ በመጨረሻም «እዚህ ቢሮ የሚባለውን ሁሉ ቅዳ» ብሎ ይመክረዋል። እውነተኛው መቅጃ የተተከለው በ1971 ነው፤ በ1974 ከሥልጣን ያወረደውም እሱ የቀዳው ድምፅ ነው። ቀልዱ ብልህ ነው፣ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ግን በዚያው ሰሞን፣ ከመጋቢት 1969 ጀምሮ፣ የኒክሰን ቢ-52 አውሮፕላኖች ከሕዝቡ ተደብቀው ካምቦዲያን እየደበደቡ ነበር። ያን ጊዜ የተጨነቀች ሕፃን ዋይት ሐውስ ብቻ ነው እንዴ የምትደውለው? ከዚህስ «ፊውቹራማ» ይሻለኛል። በ1999 የኒክሰንን ጭንቅላት ማሰሮ በሚያህል ብርጭቆ ከትተው ለመላው ምድር ፕሬዚዳንትነት አወዳደሩት። ካርቱን ነው፣ ግን ሰውዬውን አላቆላመጠውም።

ይሄ በሽታ የዛሬ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹ የህዋ ፊልም «ስታር ትሬክ» በ1969 የጥንቱን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን ከነወንበሩ ህዋ ላይ አንሳፍፎ አመጣው። የህዋ መርከቡ አዛዥ ካፒቴን ኪርክ ጀግናዬ ብሎ በክብር ተቀበለው። በእርግጥ እውነተኛው ሳይሆን አምሳያው ነው፤ ቢሆንም ንግግር በንግግር ያደርጉታል። እዚያው ክፍል ውስጥ ከክፉዎቹ ወገን የሞንጎሎቹ ንጉሥ ጄንጊስ ካን አለ። ከሰሜን ቻይና እስከ ካስፒያን ባሕር ያስገበረ ሰውዬ፣ ክፍሉ ተጀምሮ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ያፈጣል፣ ይሮጣል፣ ድንጋይ ይወረውራል። በቃ። ጨካኝ ነበር፣ ማን ካደ? ግን ምላስ ነበረው እኮ!

ይቺንም ለልጁ ከፈትኩለትና «ይሄኛው ለምን ዝም አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ።

«የሚለው ነገር አልጻፉለትማ» አለኝ።

እናቱ መጥታ «ነገ ትምህርት አለ» ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችብን።