የማይበላበት ሰሃን

ለንደን ውስጥ አንዲት ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። የገባሁ ቀን ሦስት ነገር ነገሩኝ። ጫማህን በር ላይ አውልቅ። ቆሻሻ የሚወጣው ማክሰኞ ነው። ሰሃኑን እንዳትነካ።

ሰሃኑ ሳሎን ግድግዳ ላይ በሽቦ ተሰቅሏል። ሞላላ ነው፤ ነጭ ሆኖ በሰማያዊ ሥዕል ተሞልቷል። የበግ ታፋ ከነአጥንቱ ይችላል። መሐሉ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቦይ አለው፤ የሥጋው መረቅ እየወረደ ጫፉ ላይ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ እንዲጠራቀም ነው። አሁን የሚጠራቀምበት አቧራ ነው።

«ፖርሴሊን ነው» አሉኝ አከራዬ፤ ስሱ ውድ የሸክላ ዓይነት ማለታቸው ነው። «የቅድመ አያቴ እናት በዋተርሉ ጦርነት ጊዜ የገዙት።» ናፖሊዮን የተሸነፈበት፣ 1815 ማለት ነው (ዓመቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ ሥዕሉን ተረኩልኝ። የቻይና ባለሥልጣን ልጅ የአባቷን ጸሐፊ ወደደች። አባት ለሀብታም ሊድራት ሲል አብረው ጠፉ። ድልድዩ ላይ ያሉት ሦስቱ ሰዎች ልጅቷ፣ ልጁ እና አለንጋ ይዞ የሚከተላቸው አባት ናቸው። ፍቅረኞቹ ኋላ ሞቱና ሁለት ርግብ ሆኑ። አከራዬ እዚህ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ ሦስቱም ለቅሶ ሊደርሱ የሚሄዱ ነው የሚመስሉኝ።

ተረቱን ያመጡት ቻይናዎች አይደሉም። ሥዕሉም ተረቱም የእንግሊዝ ሥራ ነው። የቻይና ሰሃን ውድ ነበር፤ ስለዚህ አስመስለው እዚያው ሠሩት። ስቶክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ጆሳያ ስፖድ የሚባል ሸክላ ሠሪ በ1784 ገደማ ብልሃቱን አጣራው። ሥዕሉ መዳብ ላይ ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ስስ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ወረቀቱ ሰሃኑ ላይ ይለጠፋል። ሰማያዊ የሆነው ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው ኮባልት የሚባለው ማዕድን የእቶኑን እሳት ስለሚችል ነው። ይሄ የአኻያ ዛፍ ያለበት ሥዕል የወጣው በ1790 አካባቢ ነው። የፍቅር ታሪኩ ግን መጽሔት ላይ የታተመው በ1849 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሥጋ ሲያቀርብ ከቆየ በኋላ ታሪክ ተፈለገለት። ልክ ገንዘብ ካገኘ በኋላ የዘር ሐረግ እንደሚቆጠርለት ሰው።

አንድ ሰሞን አከራዬ እህታቸው ጋ ሄዱ። «በጨርቅ አበስ አድርገው፣ ግን ቀስ ብለህ» ብለው ሰሃኑን በአደራ ሰጡኝ። አወረድኩት። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ይላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። የእንግሊዝ ሰሃን የአገሩን ስም ጀርባው ላይ መጻፍ የለመደው ከ1891 ጀምሮ ነው፤ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደ አገሩ ለሚገባ ዕቃ ስላስገደደ። «ሜድ ኢን» የሚለው የተለመደው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። በዋተርሉ ጊዜ ሰሃናችን ገና አልተወለደም። ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል ይላሉ። ይሄ እንደ ምጣድ ድፍን ነው።

ልንገራቸው ወይስ ልተወው? አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴም ቡፌ አላት፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይለይም። ውስጡ ለሠርጓ የተሰጣት የሰሃን ስብስብ አለ። እኛ ልጆቿ በላስቲክ ሰሃን እየበላን ነው ያደግነው። «የጃፓን ነው» ትላለች። አንድ ቀን ቡፌው ተከፍቶ አግኝቼ ጀርባውን አይቻለሁ፤ የቻይና ነው።

ሰምታኝ ስታበቃ «የሰው ሰሃን እየገለበጡ ማየት ምን የሚሉት ብልግና ነው?» አለችኝ።

መልሼ ሰቀልኩት።

ለፈረንጆቹ ገና ዶሮ ወጥ ሠራሁ። አከራዬ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ። ደገሙ። «ይሄ እንኳን ትልቅ ሰሃን ይፈልጋል» አሉና ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። እኔም አየሁ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ለአፍታ ቆሙና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የወረቀት ሰሃን ይዘዋል።

«ቀለሙ እንዳይዘው ብዬ ነው፣ ውዴ።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«ጨዋ ሴት ናቸው» አለች።