የሂሮሺጌ ድልድይ፦ ሰም ብቻ ወይስ ወርቅም አለው?

የጃፓኑ ሠዓሊ ሂሮሺጌ በ1857 እ.ኤ.አ. በወጣ የእንጨት ኅትመቱ ላይ፣ ዶፍ የደረሰባቸው መንገደኞች በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) የሺን-ኦሃሺን ድልድይ ሲሻገሩ ይታያሉ። ሥዕሉ ከሚታየው (ከሰሙ) በስተጀርባ ስውር ትርጉም (ወርቅ) አለው ወይስ የለውም ብለው የሚከራከሩት የአንኮበር የቅኔ መሪጌታና የደብረ ብርሃን የሥዕል መምህር ናቸው።

መሪጌታ፦ የድልድዩን ሁለት ጫፍ የወረቀቱ ጠርዝ ውጦታል። ከየት እንደተነሡ፣ የት እንደሚደርሱ አይታይም። የመንዝ ሰው ገሳውን እንደሚደፋ ሁሉ ፊታቸውን በጃንጥላና በባርኔጣ ሸፍነዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ኃጥእ በጎኑ ይሣላል፤ እዚህ ጻድቁም ኃጥኡም አይለይም። ሰሙ ዝናብ ያጣደፈው መንገደኛ፣ ወርቁ መነሻና መድረሻው የተሰወረ ዕድሜ ነው።

መምህር፦ እንግዲያው ኅብሩን፣ ሰሙንና ወርቁን በአንድ የሚይዘውን፣ ያሳዩኝ፣ መሪጌታ። በጠርዝ መቁረጥ ይህ ኅትመት በሚገኝበት የሂሮሺጌ ተከታታይ ሥራ የተለመደ ስልት ነው፤ ከተከታታዩ በአንዱ ሥዕል ፊት ለፊት የተደቀነው የፈረስ ቂጥ ነው። እሱስ ምን ወርቅ አለው? ይልቅ አሠራሩን እንይ። የዝናቡ መስመር የሚወጣው ዙሪያው ተፈልፍሎ በቀረ ቀጭን የእንጨት ሸንተረር ነው፤ አንዱ ከተሸረፈ በኅትመቱ ላይ ዝናቡ ይቋረጣል። መስመሮቹ በሁለት የተቀረጸ የእንጨት ገበታ፣ ዘንበላቸው ጥቂት ተለያይቶ ስለታተሙ ዝናቡ ጥልቀት አገኘ። የላይኛው ጥቁር ደመና ደግሞ ቦካሺ በሚባለው ዘዴ የተሠራ ነው፦ አታሚው ገበታውን አርሶ ቀለሙን በአንድ ወገን ያኖርና በብሩሽ እያሳሳ ይወስደዋል። ውኃ ሲበዛ ቀለሙ ይፈስሳል፤ ሲያንስ ደመናው እንደ ጥብጣብ ድርቅ ይላል። ስለዚህ ደመናው ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። የሣለው ሂሮሺጌ፣ የቀረጸውና ያተመው ሌላ! የማንን ወርቅ ነው የሚፈቱት?

መሪጌታ፦ ደመናውን ለቀቅሁልዎ። ድልድዩ ወደ አንድ ጎን፣ ማዶው ዳርቻ ወደ ሌላው ማዘንበሉ ግን የአታሚ እጅ አይደለም፤ ከንድፉ የመጣ ነው። ኤዶን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በ1855 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ሁሉ ዘንበል ብሎ ቢሣል ዝም ብሎ ነው?

መምህር፦ ዘንበላው ዓይንን ለማስሮጥ ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎህ በ1887 ይህንኑ በዘይት ቀለም ሲቀዳ በዙሪያው የጃፓን ፊደል ደረደረበት፤ ፊደሉን ማንበብ አይችልም፣ ከሌሎች ኅትመቶች የለቀመው ነው። ምልክት የሚመስለው ጌጥ ሆኖ ቀረ።

መሪጌታ፦ ቀለሙን አደመቀ፣ ክፈፍ ጨመረ። ታዲያ መምህር፣ ዘንበላውን ለምን ሳይነካው ተወው?