እኔ ዕዳዬን ከፍዬ ጨረስኩ፤ የእነሱንስ ማን ይጠየቅበታል?

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋን የብድር ክፍያ ከፍዬ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ፒያሳ እስክደርስ ድረስ እንባዬ እየተናነቀኝ ነው የሄድኩት። እስቲ ልተንፍሰው።

ጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ ሱቄን ቆልፌ፣ ልጆቼን ይዤ ሸሸሁ። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል። አንድ ጣቃ ጨርቅ እንኳ አልቀረልኝም። መሬት ላይ የወደቀ ሜትርና ጭቃ የረገጠው የዱቤ ደብተሬ ብቻ ነበር። የተዘረፈው ጨርቅ ደግሞ በብድር የተገዛ ነው። ዋሶቼ አራት የሰፈር ሴቶች ናቸው፤ እነሱም ተዘርፈዋል። የብድር ሠራተኛዋ «እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል፤ ግን ውል ውል ነው» አለችኝ። እኔ ባልከፍል ጎረቤቶቼ ሊከፍሉልኝ ነው። ያንን እንዴት እችላለሁ? የእናቴን የጆሮ ወርቅ ሸጥኩ። የዕቁቤም ዕጣ ሲደርሰኝ በቀጥታ ለብድሩ ገባ። ከዓመታት በኋላ ይኸው ጨረስኩ።

የሚያናድደኝ ወዲህ ነው። በ2017 መንግሥት ለንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ፣ ማለትም «እኔ እከፍላለሁ» የሚል የዕዳ ሰነድ፣ እንዲያወጣ ተፈቀደ። የመንግሥት ድርጅቶች ተበድረው ያልከፈሉት ነው። ስኳሩ፣ መብራቱ፣ ባቡሩ። ዕዳው መጀመሪያ ለዚሁ ወደተቋቋመ ኮርፖሬሽን ዞረ፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ካዝና። ካዝናው ደግሞ የእኔና የእናንተ ግብር ነው። ሕዝቡን 120 ሚሊዮን ብንለው ለአንድ ሰው 7,500 ብር ይደርሳል። እኛ ቤት አምስት ነን። ትንሿ ልጄ ገና አራት ዓመቷ ነው።

ባንኩ ይውደቅ አላልኩም። የእኔም ገንዘብ፣ የወንድሜም ደመወዝ እዚያው ነው። ባንክ ቢናጋ ቀድሞ የሚጎዳው እንደኛ ያለው ነው። ይዳን። ግን ያበደረውና የተበደረው ሰው ስም የለውም?

መጋቢት 2016 የዚሁ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው የተባለው። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው ወጣ። መመለስ ነበረባቸው፣ የሰው ገንዘብ ነው። ታዲያ የዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ የሆነው ዕዳ የማን ፎቶ ወጣበት?

አሜሪካም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለባንኮች 700 ቢሊዮን ዶላር ስትፈቅድ ሕዝቡ ተቆጥቷል። ግን በወራት ውስጥ የስምንት ትልልቅ ባንኮች አለቆች ምክር ቤት ፊት ተደርድረው፣ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ ተጠይቀዋል። እኛ ያንን እንኳ አላየንም።

«ግብር የዜግነት ግዴታ ነው» ይሉናል። ልክ ነው፤ ሱቄ ተዘርፎም ከፍያለሁ። የፈረመውም ግዴታ አለበት። ፕሮጀክቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ሲያልቅ ዝም ያለውም አለበት።

ከደሴም ከኮምቦልቻም መርጠን የላክናቸው ሰዎች ፓርላማ አሉ። ቀጣዩ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ እሄዳለሁ፤ እናንተም ኑ። የምጠይቀው ይሄን ብቻ ነው፦ ማን ተበደረ፣ ማን አጸደቀ፣ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? መልሱን በስም እፈልጋለሁ። የእኔ ብድር ወረቀት ላይ የአምስት ሴቶች ስምና ፊርማ አለ።