ቆልማማ እግር በቅቤ አይቃናም

«እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ልጅ በቅቤ ይታሽ፤ መራመድ ሲጀምር ራሱ ይቃናል» ላልሽው፣ እህቴ፣ ትንሽ ላርምሽ። በማህፀን አተኛኘት ምክንያት ብቻ የዞረ እግር አለ። በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ቀጥ ይላል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። ምናልባት ያየሽው እሱን ይሆናል። ቆልማማ እግር ግን ግትር ነው፤ ተረከዙ ወደ ላይ ተስቦ፣ ውስጥ እግሩ ወደ ጎን ዞሮ ይቀራል። ዝም ከተባለ ልጁ የሚረግጠው በእግሩ ጠርዝ ነው።

ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል፤ የዘገየም ቢሆን ይሂድ። ባለሙያው እግሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያቃናና ከጣት እስከ ጭን ጄሶ ያደርግለታል። ጄሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 6 ጊዜ። ብዙዎቹ ልጆች ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ መልሶ ረዝሞ ይገጥማል።

ወላጅ የሚሸነፈው ከዚህ በኋላ ነው። በዘንግ የተያያዘ ጫማ አለ፤ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ ልጁ 4 ዓመት እስኪሞላው በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። «ዳነ እኮ!» ተብሎ ጫማው ቶሎ ከወለቀ እግሩ ተመልሶ ይዞራል።