ፈታኝ ከባድ ቃል አይቆጥርም

«ለአይኤልቲኤስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና) የሚዘጋጅ ሰው በቀን 50 ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ይሸምድድ፤ ፈታኙ ነጥብ የሚሰጠው እነሱን ቆጥሮ ነው» ያልከው ስህተት ነው፣ ወንድሜ። ብዙ ተማሪ ስለሚያምነው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፍ ፈተናው የሚታረመው በ4 መመዘኛዎች ነው። የቃላት አጠቃቀም ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ድርሻውም ሩብ ነው። በዚያ ሩብ ውስጥ ደግሞ ቃሉ በቦታው መዋሉ፣ ከጎረቤቱ ቃል ጋር መስማማቱ፣ የፊደል አጻጻፉም ጭምር ይታያል። አላግባብ የገባ ከባድ ቃል ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ጥፋቱ ከደብተሩ ይጀምራል። «ኖቶሪየስ» የሚለውን ቃል «ዝነኛ» ብሎ የመዘገበ ተማሪ፣ የሚያከብረውን ሐኪም «ኖቶሪየስ» ብሎ ሲጽፍ ሳያውቀው ሰደበው፤ ቃሉ በክፉ ነገር ስሙ ለገነነ ነውና። ቀላሉ «ፌመስ» በቂ ነበር! ቡናንም ተመልከት። እኛ «ወፍራም ቡና» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ቡናውን «ስትሮንግ»፣ ማለትም «ብርቱ» ነው የሚለው። «ወፍራም»ን በቀጥታ ተርጉመህ «ቲክ» ብትል ሰሚህ የሚያስበው እንደ አጥሚት የረጋ ነገር ነው። የአንድ ለአንድ ፍቺ ይህን አይነግርህም።

ከ50ው ይልቅ 5 ያዝ። እያንዳንዱን ካነበብህበት ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፈው፤ አብረውት የሚውሉትን ቃላት ከጎኑ አስፍር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ደብተርህን ሳትገልጥ በራስህ ዓረፍተ ነገር ሞክረው።